ወንዙ የጋራ፣ ጀልባው የጥቂቶች

የጣና ታንኳ ቀዛፊ የዛሬ መቶ አርባ ዓመት ግድም ባሕር ተሻግሮ፣ እንግሊዝ አገር ሄንሊ የምትባል የቴምዝ ወንዝ ዳር ከተማ ደርሶ «እኔም ልወዳደር» ቢል ኖሮ ከበር ይመልሱት ነበር። የሚመልሱት መቅዘፍ ስለማይችል አይደለም። ስለሚችል ነው። መቅዘፍ እንጀራው ስለሆነ ነው።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ተጽፎ የተቀመጠ ደንብ ነበር። በ1879 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የሄንሊ የቀዘፋ ውድድር አዘጋጆች «አማተር» ማለት ማን እንደሆነ ለመወሰን ተቀመጡ። ለገንዘብ የተወዳደረ አማተር አይደለም አሉ፤ እሺ፣ ይሁን። በጀልባ ሥራ ደሞዝ የበላም አይደለም አሉ። ቀጥለው ደግሞ መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያ ወይም የጉልበት ሠራተኛ የሆነ፣ ወይም ሆኖ የሚያውቅ ሰው፣ እሱም አማተር አይደለም አሉ። እንግዲህ አናጢው፣ ግንበኛው፣ አንጥረኛው ከቀዘፋ አምስት ሳንቲም አግኝቶ ባያውቅም፣ ጀልባ ላይ የሚወጣው ለመዝናናት ብቻ ቢሆንም፣ አይገባም ማለት ነው። በ1882 የተቋቋመው የአማተር ቀዘፋ ማኅበርም ይህንኑ መስመር ያዘ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እንደውም ዝቅ ያለ ነው የተባለ ሥራ የሚሠራውን ሁሉ ጨመረበት። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን መናቅ የእኛ አገር ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ በር ነው። ማን እንደዘጋው፣ ደንቡ ከተሰረዘ በኋላም ለምን ሳይከፈት እንደቆየ፣ የከፈቱት ሰዎችስ በምን ቁልፍ እንደከፈቱት።

በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ቤቱ የማን ነበር? የድሆቹ። ለንደን መሀል ከተማዋ ላይ እስከ 1750 ድረስ የነበራት ድልድይ አንድ ብቻ ነው። ከወዲህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ለመሻገር፣ ወይም ከከተማዋ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ፣ ሰው ጀልባ ይዞ ነበር የሚሄደው። ጀልባዎቹን የሚቀዝፉት ደግሞ ፈቃድ ያላቸው፣ ተለማማጅ ሆነው ሙያውን የተማሩ፣ እየጮሁ ተሳፋሪ የሚጠሩ ሰዎች ነበሩ። በአጭሩ የዘመኑ ሚኒባስ ታክሲዎች ናቸው፤ ወያላውም ሾፌሩም አንድ ሰው ሆኖ። በ1715 ቶማስ ዶጌት የተባለ አየርላንዳዊ ኮሜዲያን የንጉሥ ጆርጅ ቀዳማዊን ዙፋን የመውጣት አንደኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ፣ ልምምዳቸውን ለጨረሱ ወጣት ጀልባ ቀዛፊዎች ውድድር አዘጋጀ። ከለንደን ድልድይ እስከ ቼልሲ፣ ለአሸናፊው ቀይ ካፖርትና የብር ዓርማ። ውድድሩ ዛሬም ድረስ ይካሄዳል፤ ከዓለም ረጅም ዕድሜ ካላቸው የስፖርት ውድድሮች አንዱ ነው። እናላችሁ፣ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ዝነኛ ፉክክር (1829) መቶ ዓመት በላይ፣ ከሄንሊ ውድድር (1839) ደግሞ ከዚያም በላይ ቀድሞ የታክሲዎቹ ውድድር ነበረ።

ሠራተኞቹ ስፖርቱን መጀመር ብቻ አይደለም ያደረጉት፤ ጀልባውንም የሠሩት እነሱ ናቸው። በሰሜን እንግሊዝ፣ በከሰል ድንጋይ ከተማዋ ኒውካስል፣ ሃሪ ክላስፐር የሚባል ሰው ነበር። በ1812 ተወለደ፣ በልጅነቱ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሠራ፣ ኋላ ጀልባ ሠሪና ቀዛፊ ሆነ። ጀልባ ሲጠብ ይፈጥናል፤ ሲጠብ ግን መቅዘፊያው የሚደገፍበት ቦታ ያጥራል። ለዚህ መላው ከጀልባው ጎን ወደ ውጭ የሚዘረጋ የብረት ክንድ ሠርቶ መቅዘፊያውን እዚያ ላይ ማሳረፍ ነበር፤ ይህንን ዘዴ አሻሽለው ለውድድር ካዋሉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ክላስፐር ነው። ዛሬ በኦሊምፒክ የምታዩዋቸው እንደ መርፌ የቀጠኑ ጀልባዎች በሙሉ ያ ክንድ አላቸው። ክላስፐር በ1870 ሲሞት ቀብሩ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ወጣ ይባላል። የታወቀ ኳስ ተጫዋች ቢሞት እንዲያ ነው።

ጨዋዎቹ ያንን ጀልባ ወሰዱ፣ ሠሪውን ግን ውጭ አስቀሩት። ለነገሩ ሰበብ አላጡም ነበር። ለገንዘብ በሚደረገው ቀዘፋ ውስጥ ቁማሩ ከባድ ነበር፤ ተመሳጥሮ መሸነፍም ነበረ። ግን ቁማርን ለመከልከል ቁማርን መከልከል ይበቃ ነበር። ግንበኛውን ምን አመጣው? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ፍርሃት ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ጡብ ሲሸከም የሚውል ሰው ከዩኒቨርሲቲ ልጅ ጋር እኩል መስመር ላይ ቢቆም ማን እንደሚቀድም ሁሉም ያውቁታል።

ይህንን ያልወደደ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። ፍሬድሪክ ፈርኒቫል ይባላል። የቋንቋ ሊቅ ነው፤ ኋላ «ኦክስፎርድ» ተብሎ የታወቀው ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገና ሲጀመር ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር፤ በ1864 የጥንት እንግሊዝኛ ጽሑፎችን የሚያሳትም ማኅበር መሥርቷል። በ1854 ለንደን ውስጥ ለሠራተኞች የማታ ኮሌጅ ካቋቋሙት ሰዎች ጋርም ነበረ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰውየው የቀዘፋ እብድ ነው። በ1890 ከአማተር ማኅበሩ የተለየ፣ ሠራተኛው እንደ ማንኛውም ሰው አማተር ሊባል የሚችልበት ብሔራዊ ማኅበር ሲመሠረት ከፊት ከነበሩት አንዱ እሱ ነበር። እንግሊዝ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሁለት የቀዘፋ ማኅበር ነበራት፤ የጨዋዎቹና የሌሎቹ። የተዋሃዱት በ1956 ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በ1896 ያደረገው ነው። ፈርኒቫል ምሳውን አዘውትሮ የሚበላው ኤቢሲ በሚባሉት የሻይ ቤቶች ነበር። እዚያ የሚያስተናግዱት ወጣት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ፣ ከሥራ ውጭ የሚሄዱበት የሌላቸው ነበሩ። ሽማግሌው በ71 ዓመቱ፣ ለእነሱና ለመሰሎቻቸው፣ ሃመርስሚዝ ላይ የሴቶች የቀዘፋ ክለብ አቋቋመ። እስቲ አስቡት። ሴት ልጅ ብስክሌት ትንዳ አትንዳ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ክርክር በሚደረግበት ዘመን የሻይ ቤት አስተናጋጆች እሑድ እሑድ ቴምዝን ሽቅብ ሲቀዝፉ። ምሳቸውን ቋጥረው ይሄዳሉ፣ ወንዝ ዳር ወርደው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ሽማግሌውም አብሯቸው ነው። ወንዶች እንዲገቡ የተፈቀደው በ1901 ነው፤ ወንዶቹ የገቡት በሴቶች ክለብ ላይ ነው ማለት ነው። ፈርኒቫል በ1910 ሞተ። ክለቡ ግን በእሱ ስም ተጠርቶ ዛሬም ሃመርስሚዝ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ፈርኒቫል በጋዜጣም ታግሏል፣ በስብሰባም ተከራክሯል፣ ማኅበርም መሥርቷል። ለአስተናጋጆቹ የጠቀማቸው ግን ክርክሩ አልነበረም። ጀልባ ነው የሰጣቸው። ጀልባው የሚያድርበት ቤት፣ የሚያስተምራቸው ሰው፣ ከሥራ ሰዓታቸው ጋር የማይጋጭ ቀን። ዛሬ «ለትርፍ ያልተቋቋመ የማኅበረሰብ ክለብ» በሚል ረጅም ስም የምንጠራው ነገር ሲጠቀለል ይኸው ነው።

ሄንሊ ግን ወዲያው አልተበገረም። በ1920 ጆን ኬሊ የተባለ የፊላዴልፊያ ሰው በነጠላ ጀልባ ውድድሩ ሊሳተፍ ተመዘገበ። ኬሊ በወቅቱ ከአሜሪካ ቀዛፊዎች የሚስተካከለው አልነበረም፤ ሙያው ደግሞ ግንበኝነት ነበር። አዘጋጆቹ ምዝገባውን ውድቅ አደረጉት። አንደኛው ምክንያት ክለቡ ከሄንሊ ጋር የቆየ ጠብ ስለነበረው ነው፤ ሌላው ግን በእጁ ሠርቶ የኖረ መሆኑ ነው። ያንን ዓመት ሄንሊ ላይ እንግሊዛዊው ጃክ ቤረስፎርድ አሸነፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአንትወርፕ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ኬሊና ቤረስፎርድ ተገናኙ። ኬሊ በአንድ ሰከንድ ቀደመው። ትንሽ እንኳ በቅጡ ሳያርፍ፣ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ፣ ከአጎቱ ልጅ ከፖል ኮስቴሎ ጋር ሁለተኛ ወርቅ ጨመረ። ኋላ ላይ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሆኖ ሀብታም ሆነ፤ ወንድ ልጁን ለዚያች ለተከለከላት ዋንጫ አሠለጠነው፣ ልጁም በ1947 ሄንሊ ሄዶ ወሰዳት። ሴት ልጁን ሳታውቋት አትቀሩም፤ ኋላ የሞናኮ ልዕልት የሆነችው ተዋናይቷ ግሬስ ኬሊ ናት። ግንበኛው ሰውዬ ሄንሊ ባይገባም ቤተ መንግሥት ገባ።

ደንቡን በመጨረሻ ያዋረደው የአውስትራሊያ ቡድን ነው። በ1936 ወደ በርሊን ኦሊምፒክ ሲሄዱ በመንገዳቸው ሄንሊ ላይ ሊወዳደሩ ፈለጉ። ከሲድኒ የመጡ ፖሊሶች ነበሩ። ፖሊስም የጉልበት ሠራተኛ ነው ተባለና ተከለከሉ። ይህ ግን ለእንግሊዝ ጋዜጦችም በዛባቸው። በ1937 የእጅ ሥራን የሚያነሳው አንቀጽ ተሰረዘ። ከ1879 ብትቆጥሩ 58 ዓመት።

ታዲያ በሩ ተከፈተ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ።

እኛ ቦስተንን የምናውቃት በማራቶን ነው። አበበ ቢቂላ በ1963 ሮጦባታል፣ አበበ መኮንን በ1989 አሸንፎባታል፣ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ ተከታትላ ወስዳዋለች። ሩጫ የሚፈልገው እግርና መንገድ ነው። የበቆጂ ልጅ መንገዱን ከማንም አያስፈቅድም። ኳስም ቢሆን የጨርቅ ኳስ አለ። የጨርቅ ጀልባ ግን የለም። ስምንት ሰው የሚቀዝፋት የውድድር ጀልባ ከ17 ሜትር በላይ ትረዝማለች፤ በውድድር ሕግ ከ96 ኪሎ ማነስ የለባትም፤ አዲስ ከሆነች ዋጋዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። የነጠላዋም ብትሆን ስምንት ሜትር ያህል ናት። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የት ታስቀምጣታላችሁ? ወንዝ ዳር ቤት ያስፈልጋል። ወንዝ ዳር መሬት ደግሞ በየትኛውም ከተማ ውድ ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም «ግንበኛ ነህ» ብሎ ሳይከለክል ስፖርቱ የሀብታም ሆኖ መቀጠል ይችላል። ከልካይ ደንብ አያስፈልግም፤ የኪራይ ዋጋው ይበቃል።

ማራቶኑ ከሚያልቅበት ቦይልስተን ጎዳና ጥቂት ብሎክ አለፍ ስትሉ ቻርልስ ወንዝ ታገኛላችሁ። የዚህ ወንዝ ታሪክ ለኔ ጉዳዩን ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወንዙ ዳርቻ ጭቃ፣ ፋብሪካና ቆሻሻ ነበር። ቻርልስ ኤሊየት የተባለ ወጣት የመናፈሻ ነዳፊ ዳርቻው የሕዝብ መሆን አለበት ብሎ ተነሳ፤ በ1893 የተቋቋመው የመናፈሻዎች ኮሚሽን ዳርቻውን እየገዛ የሕዝብ ያደርገው ጀመር። ኤሊየት በ1897 በ37 ዓመቱ ሞተ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። በ1910 ወንዙ አፍ ላይ የተሠራው ግድብ የባሕሩን ማዕበል አስቆመና ውሃው ሰፊ፣ የረጋ፣ ለቀዘፋ የተመቸ ሆነ። በሕግ ወንዙም ዳርቻውም የሁሉም ነው።

በተግባርስ? ዳርቻው ላይ የቆሙትን የጀልባ ቤቶች ቁጠሯቸው። የሃርቫርድ አለ፣ የኤምአይቲ አለ፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የግል ትምህርት ቤቶችና የቆዩ ክለቦች አሉ። ከነዚህ መሀል አንዱ፣ ሪቨርሳይድ የሚባለው፣ በ1869 በማተሚያ ቤት ሠራተኞች የተመሠረተ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሆኖም በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዲት የቦስተን ነርስ ወይም አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በሰላሳ አምስት ዓመቱ «ቀዘፋ መማር እፈልጋለሁ» ቢል የሚያንኳኳው በር ማግኘቱ ያስቸግር ነበር። ክለቦቹ የሚፈልጉት ቀድሞ የሚችለውን ነው። የሚችለው ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ የተማረው ነው። ቀዘፋ ያለው ኮሌጅ የሚገባው... ክቡ እንዲህ እያለ ይዞራል።

ክቡን ለመስበር በ1985 ጥቂት ሰዎች «ኮሚዩኒቲ ሮዊንግ» የሚል ለትርፍ ያልተቋቋመ ክለብ መሠረቱ። ስሙ ላይ ምንም ቅኔ የለበትም፤ የማኅበረሰብ ቀዘፋ ማለት ነው። ሐሳቡ የመጣውን ሁሉ ከዜሮ ማስተማር ነው። የራስህ ጀልባ አያስፈልግህም፤ ጀልባው የክለቡ ነው። በማን ታወቅህ፣ የት ተማርክ የሚል የለም። ቤት ግን አልነበራቸውም። ለሃያ ዓመት ያህል የኖሩት ወንዝ ዳር ባለ የሕዝብ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ውስጥ ነው። በበጋ በረዶው ሲቀልጥ ጀልባዎቹ ይገባሉ፤ ክረምት መጥቶ አዳራሹ በረዶ ሲሠራ ጀልባዎቹ ይወጣሉ። እኔ ይህንን ሳነብ ትዝ ያለኝ የጎረቤት ሰርግ ሲኖር ዕቃችንን የምናሸጋሽግበት ነገር ነው። ዋናው ነጥብ ግን አዳራሹ የሕዝብ መሆኑ ነው። የሕዝብ ንብረት በበጋ ባዶውን ከሚቆም ይጠቅማል ያለ ሰው መንግሥት ቤት ውስጥ ባይገኝ ኖሮ ክለቡ አይኖርም ነበር።

በ2008 ብራይተን በሚባለው ሰፈር የራሳቸውን ትልቅ የጀልባ ቤት ከፈቱ። ስሙ የሃሪ ፓርከር የጀልባ ቤት ነው። ፓርከር ከ1963 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 2013 የሃርቫርድ ወንዶች አሠልጣኝ የነበረ ሰው ነው። የሃርቫርድ አሠልጣኝ ስም ለሁሉም በተከፈተ ቤት ላይ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። መልሱ 1976 ውስጥ አለ።

ሴቶች በኦሊምፒክ መቅዘፍ የተፈቀደላቸው በ1976 በሞንትሪያል ነው። አዎ፣ ከፈርኒቫል አስተናጋጆች 80 ዓመት በኋላ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የየል ዩኒቨርሲቲ ሴት ቀዛፊዎች ገላ መታጠቢያ አልነበራቸውም። ልምምድ ሲያልቅ ወንዶቹ ገላቸውን በሙቅ ውሃ እስኪታጠቡ ድረስ ሴቶቹ በረጠበ ልብሳቸው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በ1972 የወጣው፣ በትምህርት ተቋማት ውስጥ በፆታ መለየትን የሚከለክለው ሕግ «ታይትል ናይን» ይባላል። 19 የቡድኑ ሴቶች በካፒቴናቸው በክሪስ ኧርንስት መሪነት ወደ ስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ። የሕጉን ስም ጀርባቸው ላይ ጽፈውት ነበር። ኧርንስት የተጻፈ መግለጫ አነበበች። ጋዜጠኝነት እንደተማረ ሰው የምወደው ዝርዝር ይህ ነው፤ ሴቶቹ ብቻቸውን አልገቡም፤ የተማሪዎች ጋዜጣ ዘጋቢና ፎቶ አንሺ ይዘው ነበር የገቡት። ወሬው በኒውዮርክ ታይምስ ወጣ። መታጠቢያውም ተሠራ። ኧርንስት ኋላ ቦስተን ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ሆነች። መታጠቢያ የተነፈገች ሴት ቧንቧ ገጣሚ ሆነች። የ1879ኙ ደንብ ቢኖር ኖሮ በሙያዋም ያስወጧት ነበር።

ሞንትሪያል ላይ ነሐስ ያመጣውን የአሜሪካ ሴቶች የስምንት ሰው ጀልባ ያሠለጠነው ሃሪ ፓርከር ነው። ከስምንቱ አንዷ አኒታ ዴፍራንትዝ ናት፤ ጥቁር አሜሪካዊት። ኮሌጅ እስክትገባ ድረስ ቀዘፋ የሚባል ስፖርት መኖሩን አታውቅም ነበር። ግቢ ውስጥ ረጅም ቀጭን ነገር አይታ «ይህ ምንድነው?» ብላ ጠየቀች፤ አጠገቡ የቆመው አሠልጣኙ ነበር፤ «የቀዘፋ ጀልባ ነው፤ አንቺ ደግሞ ለዚህ ትሆኛለሽ» አላት። በ1986 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነች። ያቺ ጀልባ ያን ቀን እዚያ ባትቀመጥ ኖሮስ? ኮሚዩኒቲ ሮዊንግ የሚሠራው ሥራ ጀልባው ሰው የሚያይበት ቦታ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ለቦስተን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች ፕሮግራም ከፈተ፤ የቀዘፋ ማሽን ጭኖ ወደ ትምህርት ቤቶች ወሰደ። አካል ጉዳተኞችንና ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ያስቀዝፋል። የአካል ጉዳተኞች ቀዘፋ ፓራሊምፒክ ውስጥ የገባው በ2008 ነው፤ ቤቱ በተከፈተበት ዓመት።

ነፃ ነው ወይ? አይደለም። አዋቂዎች ይከፍላሉ፣ ክፍያውም ቀላል አይደለም። «ለሁሉም» ብሎ ክፍያ መጠየቅ ያስቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ዕቁብም ዕድርም ያለ መዋጮ አይቆምም። ጥያቄው መዋጮው ለማን ይውላል ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ክለብ ትርፉን የሚከፋፈል ባለቤት የለውም፤ መክፈል የሚችለው የከፈለው ለማይችለው ልጅ ይሸጋገራል፤ ያልሞላውን ለጋሽ ይሞላዋል። ድክመቱም እዚያው ነው፤ ለጋሽ ሲደክመው ልጁ ይቀራል። ደግሞም በር መክፈት ሰው ይገባል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ቀዘፋ ዛሬም ባብዛኛው የነጮች ስፖርት ነው። ወንዙ ዳር ስምህን የሚመስል ስም፣ ፊትህን የሚመስል ፊት ካላየህ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም አልፈኸው ትሄዳለህ።

አርሼይ ኩፐር አልፎት ሄዶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ቺካጎ ምዕራብ፣ ማንሊ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ሰፈሩ ወሮበላ ቡድኖች የተከፋፈሉት ነው። አንድ የፋይናንስ ነጋዴ የጀልባ ስፖርት ይወድ ነበርና ጀልባ አምጥቶ ምሳ መብያ አዳራሹ ውስጥ አቆመው። ኩፐር አይቶ ዝም ብሎ አለፈ። በማግስቱ የመጣ ሁሉ ፒዛ በነፃ ይበላል ተባለ። ያኔ ቆመ። ብዙዎቹ ልጆች ዋና አይችሉም፤ አንዳንዶቹ ከተቀናቃኝ ሰፈር የመጡ፣ በሌላ ጊዜ ቢገናኙ የሚፈላለጉ ናቸው። ከዚያ ምሳ ቤት በአሜሪካ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ የሁለተኛ ደረጃ የቀዘፋ ቡድን ወጣ። ኩፐር ታሪኩን ጻፈው፤ በ2020 ዶክመንተሪ ፊልም ሆነ። ፊልሙን የሠራችው ሜሪ ማዚዮ ራሷ የኦሊምፒክ ቀዛፊ ነበረች፤ ስለ የል ሴቶቹም በ1999 ፊልም የሠራችው እሷ ናት።

ፊልሙ ውስጥ ልጆቹ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ እንደገና ይሰበሰባሉ። አባቶች ሆነዋል፣ ወፍረዋል፣ አንዳንዱ እስር ቤት ገብቶ ወጥቷል። በ2019 ለአንድ ውድድር አብረው ለመቅዘፍ ይዘጋጃሉ። ልምምዱ ሲጀመር ኩፐር የቺካጎ ፖሊሶችን ይጋብዛል። ልጆቹ መጀመሪያ ይቃወማሉ፤ ከፖሊስ ጋር ያላቸው ትውውቅ ሌላ ዓይነት ነበርና። ኋላ ግን ፖሊሶቹ መጡ፣ እንዴት መቅዘፊያ እንደሚያዝ የሚያስተምሯቸው የማንሊ ልጆች ሆኑ፤ በአንድ ጀልባ ተቀምጠውም ቀዘፉ።